ጠና፣ ወይፈኖቹና የመጨረሻው ተራ

ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ የደገሰ፣ ልጅ ያስመረቀ ወይም መንፈሳዊ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ያለቀሰ ሰው ሁሉ የጠናን ድምፅ ማጉያ ሰምቷል። ጠናን ራሱን የሰማው ግን ጥቂት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ድምፅ ሲያጎላ ኖሮ የራሱን ማጉላት ረስቶታል። ሲናገር ሰው አንገቱን አስግጎ ነው የሚያዳምጠው። ሚስቱ ገነቴ፣ «የኔ ባል ማይክ ካልሰጡት አይሰማም፤ ማይክ ደግሞ የሚሰጠው የለም» እያለች ትቀልድበታለች።

ሥራውን የጀመረው በሬዲዮ ጠጋኝነት ነው። ከአባቱ እርሻ ወደ ከተማ ገብቶ ገበያው ዳር ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጦ የገጠሩን ሰው ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም፣ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ሜጋፎን ተበላሽቶ መጣለት። ጠግኖ መለሰ። እሑድ ዕለት ሰባኪው ሲናገር፣ ቦታ አጥተው ከአጥር ውጪ የቆሙ ሴቶች ቃሉን ሰምተው «አሜን» ሲሉ አየ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አላማረውም። ዛሬ ስምንት ስፒከር፣ አንድ ሚክሰር፣ አንድ ጄኔሬተርና ጠቅልሎ የማይጨርሰው ኬብል አለው። ከስምንቱ ሁለቱ ከሰው ቁመት ስለሚበልጡ «ወይፈኖቹ» ይላቸዋል። ወይፈን ያላቸው ጉልበታም ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ያንን ጉልበት አውጥተው ስለማያውቁም ነው።

ይህቺ ነገር ጠናን ታሳክከዋለች። ሠላሳ ዓመት ሰው ሁሉ የሚለው «ቀንስ!» ነው። ፓስተሩ መዳፉን ወደ መሬት እየጫነ «ቀንስ» ይለዋል። የሙሽራዋ አባት ከዳሱ ውስጥ ብቅ ብሎ «ቀንስልን እንጂ፣ ሽማግሌ እኮ አለ» ይለዋል። የመንግሥት ስብሰባ ላይማ ገና ሳይከፍተው ነው ቀንስ የሚሉት። ጠና ይቀንሳል። የማስመሰል ሰው ስላልሆነ ግን ሲቀንስ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ሩጫ የሚችል በሬ ሞፈር ላይ ጠምዶ የሚኖር ገበሬ ይመስላል።

ሥራው ላይ ሌላ ልማድ አለው። ድምፅ ሲሞክር እንደ ሌላው «ሄሎ፣ ሄሎ» አይልም፤ በሀዲይሳ «ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ» ብሎ ሦስት ይቆጥራል። ከዚያ ሚክሰሩን ትቶ እስከ ሜዳው ጫፍ ይሄድና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። «ድምፅ የሚለካው በመጨረሻው ሰው ጆሮ ነው» ይላል። ስለዚህም በበዓል ሁሉ ላይ፣ ከፊት ያሉት ባለሥልጣናት መድረኩን ሲያዩ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ያያል።

ዘንድሮ ጥር ላይ ከተማው የሙዚቃ ቀን ሊያከብር ተነሣ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በትልቁ ሜዳ፣ ያለው ሁሉ በአንድ መድረክ ይቀርባል ተባለ። የትምህርት ቤት ሕፃናት አሉ፤ ክራር አለ፤ በኪቦርድ የሚዘፍኑ ወጣቶች አሉ፤ ከአንጋጫ የሚመጡ እምቢልታ ነፊ ሽማግሌዎች አሉ። «ወፍጮ ቤት» የሚባል ባንድም አለ። ጣጣው የመጣው ከዚህኛው ነው።

ወፍጮ ቤት አራት ልጆች ናቸው። የሚጫወቱት ሄቪ ሜታል የሚባለውን፣ ጊታሩ እንደ ብረት መጋዝ የሚጮኸውንና ከበሮው ልብ የሚያስቆመውን ሙዚቃ ነው። ስማቸውን ያገኙት ከሚለማመዱበት ቤት ነው። ጎረቤት ሁሉ ሲያባርራቸው ሞተሩ የቆመ አሮጌ የእህል ወፍጮ ቤት ተከራዩ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ወፍጮው ዳግም የተነሣ መስሏቸው በቆሎ ተሸክመው የመጡ ሁለት እናቶች በሩ ላይ ተሰልፈው እንደነበር ሆሳዕና እስከ ዛሬ ታወራለች። ድምፃዊቷ ቤቴል ቀን ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» ስትል በሽተኛው ጆሮውን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት አለበት። መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ቀኑን ሙሉ የታፈነው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣል። እሑድ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ጥቁር ሸሚዟን ግን አታወልቅም።

ጠና ያወቃቸው ማጉያቸው ተቃጥሎ ሊጠግንላቸው ሄዶ ነው። ጠግኖ ሲጨርስ ቤቴል በዚያች በቀጭን ድምፅዋ፣ «ጋሼ ጠና፣ ከዚህ በላይ መጨመር ይቻላል?» አለችው።

ጠና ካቻቢቴውን እንደያዘ ቆመ። በዕድሜው እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሙዚቃቸውን አልወደደውም፤ ማንም እንዳይሳሳት። ሁለት ሙሉ ዘፈን ተቀምጦ ሰምቶ ሲወጣ ጆሮው ውስጥ ንብ የገባ መስሎት ነበር። ጥያቄዋን ግን ወደደው። ማታ ለገነቴ ሲነግራት እንደ ሕፃን ፈገግ ይል ነበር።

የበዓሉን ፕሮግራም የጻፈው የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ይበልጣል ነው። አባቱ ከሰሜን በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እሱ ራሱ እዚህ ተወልዶ አድጎ የአገሩን ባህል ከባለቤቶቹ በላይ የሚጠነቀቅለት ሰው ሆነ። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ትንሹ አስቀድሞ ይናገራል፣ ትልቁ ይዘጋል። ይበልጣልም ፕሮግራሙን በዕድሜ ጻፈው። ሕፃናቱ ከፈቱ፣ ወፍጮ ቤት ተከተለ፣ ከዚያ ክራሩ፣ ከዚያ ጎልማሶቹ፤ የአንጋጫ ሽማግሌዎች ዘጉ። ኮሚቴው አጨበጨበ። አዲስ አበባ ቢሆን ስም ያለው ይዘጋል፤ እዚህ ሽበት ያለው ይዘጋል። ማንም ስህተት አላየበትም፤ ሐሙስ ዕለት ልምምድ እስኪደረግ።

ሽማግሌዎቹ ለልምምድ አልመጡም። አርባ ዓመት የነፋ ሰው ምን ይለማመዳል? ሌሎቹ ግን በተራቸው ወጡ። ሕፃናቱ ዘመሩ፣ ደስ አሉ። ወፍጮ ቤት ተከተለ። ሜዳው ዳር ታስራ የነበረች ፍየል ገመዷን በጥሳ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ቀጥሎ ባለ ክራሩ ወጣ። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ይታያል፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። ጠና ጨመረለት። ማይኩ ጮኸ። ቀነሰው። ክራሩ ተመልሶ ጠፋ።

«ጋሽ ጠና፣ ማይኩ ሞቷል እንዴ?» አለ ይበልጣል እየጮኸ፤ እየጮኸ መሆኑንም አላወቀም።

«ማይኩ ደህና ነው» አለ ጠና። «የሞተው የኛ ጆሮ ነው። ሚጥሚጣ የቀመሰ ምላስ የወተት ጣዕም ይለያል? ጆሮም እንደዚያው ነው። ከነዚህ ልጆች በኋላ ክራር አይሰማም። እምቢልታማ ጨርሶ አይሆንም። ስድስት ሰዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፤ አንዷ ካልተሰማች ዜማው አንካሳ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ልጆቹ መጨረሻ ላይ ይሁኑ። እነሱ ይዝጉት።»

መጀመሪያ የተናገሩት የሕፃናቱ አስተማሪ ወይዘሮ ከበቡሽ ናቸው፤ «ልጆቼ ይደነግጣሉ» አሉ።

«በዚያን ሰዓት ልጆችዎ ቤታቸው ገብተው እራት እየበሉ ነው» አለ ጠና።

ይበልጣል መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ጠና፣ በዓሉ የሁሉም ነው። ሁሉም ዓይነት ሙዚቃ፣ ሁሉም ዓይነት ሰው ያለበት ነው። የእንደዚህ ያለ በዓል መዝጊያ ሁሉንም የሚያስማማ መሆን የለበትም? የጥቂቶች ጩኸት እንዴት መዝጊያ ይሆናል?»

«የማይወደው ሰው እንዲሄድ ነዋ! መሀል ላይ ካስቀመጧቸው የሚወደውም የማይወደውም አብሮ ይቀመጣል፣ ከእነሱ በኋላ የሚወጣውም ከንቱ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ከሆኑ የሚጎዱት ሰው የለም። የገጠሩ ሰው ወደ መኪናው ይሄዳል፤ የከተማው ወጣት መኪና አይጠብቀው፣ በእግሩ ነው ቤቱ የሚገባው፤ ይቆይላቸዋል።»

ነገሩ እውነት ነበር። ይበልጣልም እውነት መሆኑ ገብቶታል። ግን ከአህያው ይልቅ ዳውላውን መምታት ይቀላል። «አቶ አበራን የሚያህል ሰው ከልጆች በፊት አስነፍቼ እዚህ አገር የምኖር አይመስለኝም» አለ። «ይልቅ ወፍጮ ቤትን እናስቀረው። ለከርሞ ይደርሳሉ።»

አቶ አበራ ማለት የእምቢልታ ነፊዎቹ መሪ ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። የገነቴ ታላቅ ወንድም፣ የጠና አማችም ነው። ኮሚቴው ሁሉ ይህን ያውቃልና ዓይኑን ወደ ጠና መለሰ። ጠና መሬት መሬቱን እያየ፣ «እስከ ነገ ማታ ጊዜ ስጡኝ፤ እኔ ላናግረው» አለ። እሺ ካለ ልጆቹ ይዘጋሉ፤ እምቢ ካለ ይቀራሉ። በዚህ ተለያዩ።

ቤቴል ከስፒከሩ ጀርባ ገመድ ስትጠቀልል ነበርና ሁሉን ሰምታለች። ጠና በአጠገቧ ሲያልፍ፣ «ጋሼ ጠና፣ ለእኛ ብለው ዘመድዎን እንዳያስቀይሙ። እኛ ለምደነዋል» አለችው። ይህን ባትለው ይሻል ነበር። ለምደነዋል የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ እንደ ትኋን ሲበላው አደረ።

ጠና ለኮሚቴው ያልተናገረው ሌላም ምክንያት ነበረው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ፣ በየበዓሉ፣ የአበራ ሰዎች መድረክ ላይ የሚወጡት አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የአንጋጫው፣ የዱራሜው፣ የሙዱላው መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ሰው መኪና እንዳያመልጠው ይነሣል፣ ልጁን ያዝላል፣ ይሮጣል። ሽማግሌዎቹ በክብር ሲነፉ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ጠና ከኋላ ቆሞ ይህን ሲያይ ኖሯል። ለአበራ የነገረው ግን የለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «የመዝጊያ ክብርዎ ባዶ ሜዳ ነው» ብሎ ለሽማግሌ የሚናገር ሰውስ ከየት ይመጣል?

ዓርብ ጠዋት ጠና በሚኒባስ ወደ አንጋጫ ሄደ። ገነቴ በትንሽ እንስራ ቅቤ አስይዛዋለች። «ወንድሜን ሆዱ ሳይሞላ ነገር እንዳታነሣበት» ብላ አስጠንቅቃዋለች። አበራ ግቢው ውስጥ፣ እንሰቱ ሥር፣ እምቢልታዎቹን አጋድሞ ቀርከሃውን ሲመረምር አገኘው። ቅቤውን ተቀበለ፣ አሸተተ፣ በጣቱ ቆንጥሮ ቀርከሃውን ይቀባ ጀመር። ለሆዱ የተላከው ቅቤ ለእምቢልታው ሆነ።

«ጋሼ አበራ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነበር» አለ ጠና።

«ከሆሳዕና ድረስ ቅቤ ተሸክመህ የመጣኸው ልታማክረኝ አይደለም» አለ አበራ ቀና ሳይል። «ልታስቀይመኝ ነው። በል ቶሎ አስቀይመኝና ምሳ እንብላ።»

ጠና ነገረው። ስለ ጆሮ ነገረው፣ ስለ ክራሩ ነገረው፣ ስለ ፍየሏም ነገረው። ስለ መኪናውና ስለ ባዶው ሜዳ ግን አፉ አልደፈረም። አበራ መቀባቱን ተወ።

«እኛ እንክፈትላቸው ነው የምትለው?»

«መክፈት አይደለም። ከእነሱ በፊት ብቻ።»

«ያው ነው። አባቴ ነፍቶ ከጨረሰ በኋላ ዶሮ እንኳ አይጮኽም ነበር።» ቀርከሃውን ወደ ጎን አድርጎ፣ «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ምንድን ነው የሚሉት?» አለ።

«ቃሉ አይለይም። አንዱ ዘፈን ስለ ድርቅ ነው።»

«ቃሉ ካልተለየ ስለ ድርቅ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ቤቴል ነገረችኝ።»

አበራ ሊስቅ ብሎ ተወው። አሁን ጠናን ትክ ብሎ አየው። «አንተን ሠላሳ ዓመት አውቅሃለሁ። ለሰው ተከራክረህ አታውቅም። ለልጆቹ ነው የመጣኸው ወይስ ለራስህ?»

ጠና መዋሸት ይችል ነበር። ግን እንሰት ሥር ተቀምጦ፣ የሚስቱ ወንድም እንዲህ እያየው፣ አልሆነለትም። ስለ ወይፈኖቹ ነገረው። ገዝቷቸው ስንት ዓመት እንደሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ድምፃቸውን እንዳልሰማ፣ ሳይሰማ ሊያረጅ እንደሆነ ነገረው። ሲናገር አፈረ፤ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው።

«ሚስት አገባህ፣ ልጅ ወለድህ፣ ሸበትህ» አለ አበራ። «ይህን ሁሉ ሆነህ የሚያምርህ ጩኸት ነው?»

«አዎ።»

አበራ በዚህ ሳቀ። እያሳለው፣ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሳቀ። እሺ ግን አላለም። ጠናም ከሳቁ ውስጥ እሺታን ፈልጎ አጣ።

ምሳ ቀረበ። ቆጮው፣ ጎመኑ፣ አይቡ ተደረደረ። አበራ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ መረቀ፤ ለከብቱ፣ ለዝናቡ፣ ለእህቱ ቤት፣ ቅቤ ተሸክሞ ለመጣውም እንግዳ። ቤተሰቡ አሜን አለ። የሁሉም እጅ ወደ ቆጮው ሄደ። የአበራ እጅ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«ጠና፣ አሁን እኔ ከመረቅሁ በኋላ ማን ተናገረ?»

«ማንም።»

«ምን ተደረገ ታዲያ?»

«ምን ይደረጋል፣ ተበላ።»

«ተበላ!» አለ አበራ፣ የጠፋ ከብት እንዳገኘ ሰው። «ሽማግሌ የሚዘጋው ነገርን ነው። ከምርቃት በኋላ ነገር የለም፣ መብል ግን አለ። መብሉ ከሽማግሌው በኋላ ስለመጣ ሽማግሌውን በለጠ የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? እኛ ነፍተን፣ መርቀን እንዘጋለን። የልጆቹ ጩኸት መብሉ ይሁን። የራበው ይብላ፣ የጠገበ ወደ ቤቱ ይሂድ።» ጣቱን አነሣ። «ግን ሳይመረቅ የሚበላ የለም። ነፍተን ስንጨርስ አራቱም እኛ ፊት ይመጣሉ፣ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጥቁር ይልበሱ ቢጫ ይልበሱ፣ እኔ ግድ የለኝም።»

ጠና ያን ዕለት የበላው ቆጮ እስከ ዛሬ ከአፉ አልጠፋም። ይበልጣልም ነገሩን በስልክ ሲሰማ ከጭንቀቱ ብዛት ሁለቴ አስደገመውና «ምርቃት» የሚለውን ቃል ፕሮግራሙ ላይ በትልልቁ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን ያመነጨው እሱ ይመስል ለየሰዉ ይናገር ጀመር። ይሁን፤ ጥሩ ሐሳብ ባለቤቱ ቢበዛ ምን አለበት?

ቅዳሜ ሜዳው ጢም አለ። ሕፃናቱ ዘመሩ፣ ክራሩ ጥርት ብሎ ተሰማ፣ ጎልማሶቹ ዘፈኑ። አሥር ሰዓት ሲል ሽማግሌዎቹ ወጡ። ጠና ሌላውን ሁሉ ዘግቶ፣ ለእያንዳንዱ እምቢልታ አንድ አንድ ማይክ ሰጥቶ፣ ወደ ሜዳው ጫፍ ሄደ። ስድስቱ ሰዎች አንዲት አንዲት ድምፃቸውን እየተቀባበሉ ጀመሩ። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣል። ሜዳው በሙሉ ዝም አለ። ለውዝ የምትሸጠው ሴት እንኳ «ለውዝ» ማለቷን ትታ ቁናዋን አቅፋ ቆመች።

ሲጨርሱ አራቱ ጥቁር ለባሾች መጥተው አንገታቸውን ደፉ። አበራ እርጥብ ሳር ይዞ መረቃቸው፤ መጀመሪያ በከምባትኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ። «ድምፃችሁ አይጥፋ፤ ጉሮሯችሁ አይድረቅ፤ የሚሰማችሁ አትጡ።» ሜዳው «አሜን» አለ። ይህን ያህል ሰው የሜታል ባንድ ሲመረቅ አሜን ያለበት ሌላ አገር ይኖር እንደሆነ ተራኪው አያውቅም፤ አይመስለውም።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ጀመረ። ጠና ሚክሰሩ ላይ ነበር። ጨመረ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየ፤ መዳፉን ወደ መሬት የሚጫን የለም። ደግሞ ጨመረ። ወይፈኖቹ እንደ ተፈቱ አወቁ። ድምፁ በእግሩ ጫማ ገብቶ በደረቱ ወጣ። የሸሚዙ ቁልፍ ተንቀጠቀጠ። ሙዚቃውን ዛሬም አልወደደውም፤ ደስታው ግን ሌላ ነበር፣ ከልቡ ደስ አለው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ገነቴ ከሩቅ አይታው እንደ ሠርጉ ቀን ፊቱ በርቷል ብላለች። የገጠሩ ሰው ጆሮውን ይዞ እየሳቀ ወደ መኪናው ሄደ። አንዳንዱ ደግሞ መኪናውን ትቶ ቆየ። የከተማው ወጣት መድረኩ ሥር ተፋፍጎ ዘለለ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጠናን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነቀፋ ይሁን መደነቅ አልለየለትም፤ ነገ ይጠየቅ ይሆናል። ይጠየቅ።

ስጋት የሆነበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከምርቃቱ በኋላ አበራን አላየውም። ለሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ተቀይሞ ሄደ ብሎ አሰበ። «መብል ነው» ያለው ለእኔ ሲል ኖሯል፤ ዓይኑ እያየ ልጆቹ ሲዘጉት ግን አልቻለም ማለት ነው። ደስታው ግማሽ ሆነበት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም አለቀ። ቤቴል መጥታ በቀጭን ድምፅዋ አመሰገነችው፤ ምን እንዳለች ግን አልሰማም፣ ጆሮው ገና አልተመለሰም። ኬብሉን መጠቅለል ሲጀምር ከመድረኩ ጀርባ አንድ ረጅም ሰው በጋቢ ተሸፋፍኖ መጣ። አበራ ነው። ሌሎቹ ወደ አንጋጫ ሲመለሱ እሱ እህቱ ቤት ሊያድር ቀርቷል።

«የሄዱ መስሎኝ ነበር» አለ ጠና።

«ወንበሩ ከወይፈኖችህ ፊት ነበር» አለ አበራ። «ጥርሴ ሊረግፍ ሲል ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከኋላም ቢሆን ያው ነው።» እምቢልታዎቹ ያሉበትን ጆንያ መሬት አስቀምጦ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ጠና ነቀፋውን ጠበቀ።

«ጠና፣ ዛሬ የሰው ፊት አየሁ።»

«እንዴት?»

«ስንነፋ። ቁጭ ብለው ያዩን ነበር። አንዲት ልጅ አፏን ከፍታ ቀርታለች።» አበራ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። «ሁልጊዜ የማየው ጀርባ ነበር። ወደ መኪና የሚሮጥ ጀርባ። መዝጋት ክብር ነው ይሉኛል፤ ክብር ሲሰጡት አልፈልግም የሚል ሽማግሌ አለ? ይኸው ሃያ ዓመት ለጀርባ ነፋሁ።»

ጠና ኬብሉን መሬት አስቀመጠ። እነዚያ ሰዎች ጀርባቸውን ለአበራ ሲሰጡ ፊታቸው ወደ እሱ ነበር። ሃያ ዓመት እየተጋፉ በአጠገቡ ሲያልፉ አይቷቸዋል። ማክበር መስሎት ዝም አለ፤ አሁን ዝምታው እንደ በደል ከበደው።

«አይ ነበር፣ ጋሼ አበራ» አለ በመጨረሻ። «ከኋላ ቆሜ አይ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«ታይ እንደነበር አውቃለሁ። ባዶ ሜዳ ላይ ከኋላ የቆመ ሰው ከመድረክ ይታያል እኮ። ብቻህን ስትቀር አይህ ነበር።» አበራ እጁን ጠና ትከሻ ላይ ተመርኩዞ ተነሣና ጆንያውን አነሣ። «ለከርሞ ይበልጣል ፕሮግራም ሲጽፍ፣ መሀል ላይ ያድርገን በለው። ሰው እያየኝ ልንፋ። ስንት ዓመት ቀረኝና?»